ነጭ ጥርስ በጥቁር ድድ

ሐኪሟ መስታወቱን አስያዘችኝና "እስኪ ፈገግ በይ" አለችኝ። ፈገግ አልኩ። ማለቴ፣ እኔ ፈገግታ የምለውን ነገር አደረግኩ፤ ከንፈሬን ገጥሜ ጉንጬን ብቻ ወደ ላይ ሳብኩት። "እንደሱ አይደለም፤ ጥርስሽን ለማየት ነው'ኮ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ጓንት ባጠለቀ ጣቷ የላይ ከንፈሬን ገለጥ አደረገችና ለአፍታ ዝም አለች።

"ንቅሳት ነው?"

"አዎ።"

"የየት አገር ልጅ ነሽ?"

"የላስታ።"

ሠርጌ ለጥር ተቆርጧል። ፎቶ አንሺው ቀብድ ወስዷል፣ ቀሚሱ ተመርጧል፣ የቀረው የኔ ጥርስ ነበር። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የሆነ ሰው ጥርሱን እያብረቀረቀ "በአንድ ቀን ውስጥ" እያለ ይሰብከኛል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ገባሁና ከስንት ዓመት በኋላ በገዛ ፈቃዴ አፌን ለሰው ከፈትኩ።

ሐኪሟ ከመሳቢያዋ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ነገር አወጣች። በየዘንጉ ጫፍ ላይ አንድ አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሰክቷል። 16 ናቸው፤ ከኤ እስከ ዲ በፊደል፣ በየፊደሉ ደግሞ በቁጥር ይለያሉ። አንድ በአንድ ከጥርሴ ጎን እያስጠጋች ስታስተያይ ቆየችና አንዱን ለየች። "ኤ 2 ነሽ" አለች። "ጤነኛ ነው፣ ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል። የሚገርመው ግን በር ላይ ስታወሪኝ ቢ 1 ነበር የመሰለኝ።" ቢ 1 ከማራገቢያው ውስጥ በጣም ነጭ ከሚባሉት አንዱ ነው። "ድድሽ ነው ያነጣው።"

ቀጥላም "ከፈለግሽ ድዱንም በሌዘር እናስለቅቀዋለን" አለችኝ። "አንድ ጊዜ ላይበቃው ይችላል እንጂ ይለቃል። ግን ልንገርሽ፣ ድዱ ሮዝ ሲሆን ጥርሱ አሁን ካለው የባሰ ቢጫ መስሎ ይታይሻል። ያኔ ማንጣቱ የግድ ነው።"

ሁለት ሳምንት ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ይህ ጽሑፍ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ከማስታወስ፣ ከማንበብና ከአያቴ ጋር በስልክ ከመጨቃጨቅ የወጣ ነው።

*

የተወለድኩት ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ፣ ብልባላ አጠገብ ነው። በእኛ አገር ነሐሴ የልጃገረዶች ወር ነው። ፍልሰታ ተጾሞ ነሐሴ 16 ሲፈታ አሸንድዬ ይገባል። ሰቆጣዎች ሻደይ፣ ቆቦዎች ሶለል፣ ትግራዮች አሸንዳ ይሉታል፤ ነገሩ ያው የሴት ልጅ በዓል ነው። ለዚያ ቀን ፀጉር ይሠራል፣ ዓይን ይኳላል፣ እንሶስላ ይሞቃል፣ ቅጠሉ በወገብ ላይ ይታሰራል። ድድ ደግሞ ቀደም ብሎ ይነቀሳል፤ ቁስሉ ለበዓሉ መድረቅ አለበት።

እኔ የተነቀስኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ነቃሿ የጎረቤታችን ባልቴት ነበሩ። ሦስት የልብስ መርፌ ጎን ለጎን አድርገው በክር ጠፍረው አሰሩ። ኩራዝ ለኩሰው በላዩ ላይ ገል ደፉበት፤ ገሉ ላይ የተጠራቀመውን ጥላሸት በላባ ጠርገው በሲኒ ውስጥ አጠራቀሙት። አያቴ (እምዬ ነው የምላት) ጭንቅላቴን በጭኖቿ መሐል ያዘች። አፌ እንዳይዘጋ የወይራ እንጨት አስነከሱኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ባልተርክላችሁ ይሻላል። ትዝ የሚለኝ የደሙ ጨው ጨው ማለት፣ የጥላሸቱ ምሬትና እምዬ ጆሮዬ ላይ "አይዞሽ፣ አለቀ፣ አለቀ" ስትል ነው። አላለቀም ነበር።

ሦስት ቀን ያህል ምግብ አልገባልኝም። ጾም ስለሆነ ወተት የለም፤ ተልባ እየተበጠበጠልኝ በሱ ከረምኩ። እብጠቱ ሲቀንስ እምዬ የእጅ መስታወቷን አምጥታ "በይ እይው" አለችኝ። ድዴ ሰማያዊ ጥቁር ሆኗል። ጥርሴ ደግሞ ያን ቀን የታለበ ወተት መስሎ ከጥቁሩ መሐል ብቅ ብሏል። ጥርሴን ማንም አልነካውም። ይህን ነገር ያን ጊዜ አስተውዬው ነበር ብላችሁ ውሸት ነው። በቃ፣ ቆንጆ ሆንኩ አልኩ። አሸንድዬ ሲደርስ አፌን እስከ ጆሮዬ ከፍቼ ነበር የጨፈርኩት።

ለምን እንደሚነቀስ እምዬን ብትጠይቋት ሁለት መልስ አላት። አንደኛው ያምራል። ሁለተኛው ድድ ያጠነክራል፤ "የተነቀሰ ድድ አይደማም፣ ጥርስም አያነቃንቅም።" ሁለቱን መልሶች ለይታ አትናገራቸውም፤ ለሷ ጤናና ውበት አንድ ነገር ናቸው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

*

ላስታ ሲባል የሚጻፈው ድንጋዩ ነው። ይገባዋልም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ንጉሥ ላሊበላ ከሚጠሩበት ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ፊት ቆሞ ስለ ድድ ማን ያስባል? ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አይቷቸው፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ሰግቷል። ዩኔስኮም በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በሴቶች አፍ ውስጥ ያለው ሥራ ግን ባለቤቷ ስትሞት አብሮ ስለሚቀበር ጎብኚም መዝጋቢም የለውም።

ቢሆንም ጭራሽ አልተጻፈም ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ከ1843 እስከ 1846 በአገራችን ሰሜን፣ አብዛኛውን ጊዜ ትግራይ ውስጥ ኖሯል። እንደ አገሩ ሰው ለብሶ፣ እንደ አገሩ ሰው በልቶ የኖረ ሰውዬ ነው። በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ሴቶች ንቅሳት ሲያወራ፣ ድዳቸውን ሳይቀር ሰማያዊ እስኪሆን እንደሚወጉት መዝግቧል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ከኔ መርፌ 150 ዓመት ያህል በፊት፣ ከዋግ ወዲያ ማዶ፣ ያው ድድ፣ ያው ቀለም!

ቀለሙን ካነሳን አይቀር፦ ጥላሸት ጥቁር ሆኖ ሳለ ንቅሳቱ ለምን ሰማያዊ ይሆናል? ጥላሸት ማለት ደቃቅ ካርቦን ነው። ከሥጋው ሥር ሲገባ የሰውነታችን ሴሎች ውጠው ሊያስወጡት ይሞክራሉ፤ አይችሉም፤ እንደዋጡት እዚያው ይቀራሉ። ብርሃን በሥጋው ውስጥ አልፎ ጥቁሩ ላይ ሲደርስ ቀዩ ይዋጣል፣ ሰማያዊው ተበታትኖ ወደ ዓይናችን ይመለሳል። የደም ሥራችን ሰማያዊ መስሎ የሚታየንም በተቀራራቢ ምክንያት ነው። የነቃሿ ሲኒ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም አልነበረም።

ጥርሱን ራሱን በተመለከተ የላስታ ሰው ሥራው ማንጣት ሳይሆን ማጽዳት ነበር። መፋቂያ። ወይራ፣ ክትክታ፣ ቀረጥ፤ ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ መበተን፣ ከዚያ እየሄዱም፣ እያወሩም፣ ከብት እየጠበቁም መፋቅ። የአዲስ አበባ ልጆችም ታውቁታላችሁ፤ መንገድ ዳር በእስር በእስሩ ይሸጣል። በ1978 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ በተሠራ ጥናት መፋቂያ ቆሻሻን በማንሳት ከብሩሽ እንደማያንስ ታይቷል። ለየት ያለ ቀን ሲመጣ ደግሞ የተፈጨ ከሰልና ጨው ነበረ። ጨው በእኛ አገር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዳናኪል ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ሰቆጣ ገበያ የሚደርሰው አሞሌ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ያገለገለ ነው። እምዬ በልጅነቷ ጥርሷን በጨው ስትፈትግ እናቷ "ብር አትብዪ" ትላት እንደነበር ታወራለች።

መፋቂያውም ጨውና ከሰሉም ግን ከላይ የተለጠፈውን ቆሻሻ ነው የሚያነሱት። ጥርስ ከውስጥ ቢጫ ነው። ከላይ ያለው ኢናሜል የተባለው ሽፋን ብርሃን ያሳልፋል፤ የምናየው ቢጫነት ከሥሩ ካለው ዴንቲን የሚመጣ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ቢጫው ይጎላል። ቢፍቁት ቢፍቁት አይለቅም፤ እንዲያውም አብዝቶ መፈተግ ሽፋኑን ያሳሳዋል። ታዲያ ጥርስ ከተፈጥሮው በላይ እንዲነጣ የፈለገች የላስታ ሴት ምን አማራጭ ነበራት? ጎረቤቱን ማጥቆር።

ይህን ብልሃት አውሮፓ በመጽሐፍ የጻፈችው ዘግይታ ነው። ሚሼል ኧዠን ሸቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1824 ፓሪስ ባለው የጎብላን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ሸማኔዎች ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው እያሉ አቤቱታ አቀረቡለት። ክሩን ከሌላ ፋብሪካ ክር ጋር አመሳክሮ ሲመረምረው እንከን የለበትም። ለካ ጥፋቱ ከጥቁሩ ጎን የተሸመነው ቀለም ነው! ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን ልዩነታቸውን አጋኖ ያያል። በ1839 ይህንን በትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሠዓሊዎችም ለብዙ ዘመን ሲማሩበት ኖሩ። የጎረቤታችን ባልቴት ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ጥርሴ ላይ የሠሩት ይህንኑ ነው። በሴኔጋልና በማሊ ያሉ የፉላኒ ሴቶችም ከኛ ሳይማከሩ ያንኑ ደርሰውበታል፤ እነሱም ጥርሳቸው እንዲነጣ ድዳቸውን ይነቀሳሉ።

በዓለም ላይ ሁሉ ነጭ ጥርስ ይወደዳል ብላችሁ እንዳትደመድሙ ግን። ጃፓን ውስጥ ያገቡ ሴቶችና መኳንንት ለብዙ መቶ ዓመታት ጥርሳቸውን ራሱን በብረትና በታኒን ያጠቁሩ ነበር፤ ጥቁር ጥርስ የጨዋነት ምልክት ነበር። በ1870 መንግሥት መኳንንቱን ከለከለ፤ በ1873 እቴጌይቱ ጥርሷን ሳታጠቁር በአደባባይ ታየች፤ ልማዱም ከዚያ ወዲያ እየከሰመ ሄደ። የውጭ ሰው አይቶ ይንቀናል የሚለው ፍራቻ አስተዋጽኦ ነበረው። ይህን ሳነብ የራሴ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ።

*

እ.ኤ.አ. በ1987 ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን የሚከላከል ብሔራዊ ኮሚቴ አገራችን ውስጥ ተቋቋመ። በ1997 አገር አቀፍ ጥናት አካሄደ፤ ኋላም የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማህበር ተባለ። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ትምህርቱ እኛም ዘንድ ደርሶ ነበር። ግድግዳችን ላይ ዝርዝር ተለጥፏል፦ ግርዛት፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ ንቅሳት።

እውነት ለመናገር ንቅሳቱ እዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ትክክል ነው። ያ መርፌ ከኔ በፊት ማን አፍ ውስጥ እንደነበረ አላውቅም። ከኔ በኋላም ወደ ሌላ ልጅ ሄዷል። ያን ጊዜ ኤችአይቪ አገር የሚያረግፍበት ዘመን ነበር፤ መንጋጋ ቆልፍም፣ የጉበት ቫይረስም በዚያው መንገድ ይሄዳል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ አዎም እምቢም የምትልበት ወግ የላትም። የራሴን ሴት ልጅ ማንም በመርፌ አይነካብኝም፣ አለቀ።

ግን አንድ ቀን በጤና ክበብ ሰዓት አስተማሪያችን "እስኪ የተነቀሳችሁ እጃችሁን አውጡ" አለ። ግማሾቻችን አወጣን። ወደ ፊት ጠራንና "አፋችሁን ክፈቱ፣ ይኼ ነው ኋላ ቀርነት ማለት" ብሎ ለክፍሉ አሳየን። ክፉ ሰው አልነበረም። መርፌውን ሊያስጥል የተላከ ሰው ነው፤ የመርፌውን ባለቤቶች ግን አላገኛቸውም፣ እኛን አገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከንፈሬን መግጠም ተማርኩ። ከመሳቄ በፊት እጄ አፌ ላይ ይደርሳል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ የዶርም ልጆች "ፋራ" የሚለውን ጨመሩበት። ከሁሉ የሚገርመው፣ ጥርሴን ያሞግሱ የነበሩትም እነሱው ናቸው። "ጥርስሽ እንዴት ነው እንደዚህ የነጣው፣ ምን ትጠቀሚያለሽ?" ሲሉኝ "ኮልጌት" እላለሁ።

*

አሁን ወደ ክሊኒኩ እንመለስ። እዚያ የሚሠራው ነገር ታሪኩ የሚጀምረው ከድድ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ፣ አርካንሶ ግዛት፣ ፎርት ስሚዝ በምትባል ከተማ ቢል ክሉስማየር የሚባል የጥርስ አቃኝ ሐኪም ነበር። ድዳቸው ለሚቆጣ ታካሚዎቹ ግላይ-ኦክሳይድ የሚባል የአፍ ቁስል መድኃኒት ጥርስ በሚያቅናው ቅርጽ ውስጥ እየጨመሩ እንዲያድሩበት ያዝ ነበር። ድዳቸው ሲድን አንድ ያላሰበው ነገር አስተዋለ፤ ጥርሳቸውም ነጥቷል። በመድኃኒቱ ውስጥ የነበረው 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ነው። ለሙያ ጓደኞቹ ነገራቸው፤ ወሬው ከሐኪም ወደ ሐኪም ሲዞር ኖሮ በ1989 ሄይውድና ሄይማን የተባሉ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ መምህራን በሙያ መጽሔት አሳተሙት። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የቤት ውስጥ ማንጫ ከዚያ መጣ። እምዬ ጤናና ውበትን ለይታ አትናገርም ብያችሁ አልነበር? አርካንሶም ውስጥ አልተለዩም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ያ ቁስል ላይ ሲያፈሱት አረፋ የሚያወጣው፣ ሉዊ ዣክ ቴናር የሚባል ፈረንሳዊ በ1818 ያገኘው ነው። በኢናሜሉ ውስጥ ዘልቆ ዴንቲኑ ጋ ይደርስና ቀለም ያላቸውን ሞለኪውሎች ይሰባብራቸዋል። የተሰባበረ ሞለኪውል ብርሃን የሚውጥበት አቅሙ ይቀንሳል፣ ጥርሱ ይነጣል። ክሊኒክ ውስጥ የሚቀባው ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ኃይለኛው ነው፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ቤት የሚወሰደው በጥርስሽ ልክ በተሠራ ስስ ቅርጽ ውስጥ የሚጨመር ጄል ነው፤ 10 በመቶው ካርባማይድ 3.5 በመቶ ያህል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይወጣዋል፣ ማታ ማታ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይታደርበታል። ሐኪሟ እንደነገረችኝ መጨረሻቸው ብዙም አይለያይም፤ የሚለያዩት በፍጥነትና በዋጋ ነው። ሁለቱም ጥርስ ያነዝራሉ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ለጥቂት ቀን ጠላት ይሆናል። ሁለቱም ሰው ሠራሽ ጥርስንና ሙሌትን አያነጡም። ሁለቱም ዘላለማዊ አይደሉም፤ ቡናው ይመለሳል። (የወሎ ልጅ ቡና ተዪ ከምትባል ጥርሷ ቢረግፍ ትመርጣለች።)

በቴሌግራም ስለሚሸጡት ግን አንድ ነገር ልበል። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው መመሪያ ከ0.1 በመቶ በላይ ፐርኦክሳይድ ያለበትን ማንጫ ከጥርስ ሐኪም እጅ ውጪ መሸጥ ከልክሏል፤ ጣሪያውን 6 በመቶ አድርጎ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ጨርሶ አልፈቀደም። እኛ ደግሞ መቶኛው ያልተጻፈበትን ቱቦ በሞተር ሳይክል አስመጥተን እንቀባለን። ሎሚማ አይነሳ! ኢናሜል ከ5.5 በታች በሆነ ፒኤች መሟሟት ይጀምራል፤ ሎሚ 2 አካባቢ ነው። አበው ጎምዛዛ ሲበሉ "ጥርሴ ጠረሰ" የሚሉት ሽፋኑ አቤት ሲል ነው። ሎሚ የቀባ ጥርስ ለአንድ ሳምንት የነጣ ይመስላል፣ ከዚያ ሥሩ ያለው ቢጫ ጎልቶ ይወጣል። ሽፋኑ አንዴ ከሄደ ደግሞ ተመልሶ አያድግም።

ለሁሉም ሰው እንደማይሆን ያወቅኩት ግን ከጓደኛዬ ነው። አብራኝ የምትሠራ የመቂ ልጅ ናት፤ ጥርሷ ላይ ቡናማ ጥለት አለ። እኔ ክሊኒክ ልሄድ ነው ስላት አብራኝ መጣች። ሐኪሟ አየቻትና "ይሄ የውሃው ነው" አለቻት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይዳቸው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ነው። ልጅ ሆነሽ ጥርስሽ ከድድ ሥር እየተሠራ ሳለ ያንን ከጠጣሽ እድፉ ከላይ የተለጠፈ ሳይሆን አብሮ የተሠራ ነው። ማንጫ ብቻውን ሲቀባ አንዳንዴ ነጩ ነጠብጣብ ይብስ ይጎላል፤ መጀመሪያ በስሱ መሞረድ፣ ከብዶ ከሆነም መሸፈን ያስፈልጋል። ጓደኛዬ በመልሱ መንገድ ላይ ታክሲ ውስጥ ዝም ብላ ቆየችና "አንቺ እኮ ታድለሻል" አለችኝ። "ያንቺን ሰው ነው የሠራው። ሰው የሠራውን ሰው ያፈርሰዋል።"

*

ማታ ለእምዬ ደወልኩ።

"ድዴን በሌዘር ላስለቅቀው ነው" አልኳት።

"ለቆ ምን ሊሆን?"

"ሮዝ። ቀላ ያለ።"

"ቀይ ድድ!" አለች፣ ከልቧ ደንግጣ። "ልጄ፣ ቀይ ድድማ የታመመ ድድ ነው። ምን ነክቶሻል?"

የሚያናድደው ነገር፣ ሐኪሟም ድዴን ስትመረምር የፈለገችው ያንኑ ነው፤ የቀላና የሚደማ ድድ ካለ ማንጣት የለም፣ መጀመሪያ ይታከማል። ለእምዬ ይህን አልነገርኳትም፤ ካወቀችው መቼም አታስወራኝም።

"ሰው ይስቅብኛል፣ እምዬ።"

ዝም አለች። እምዬ አሁን የቀሯት ጥርሶች ጥቂት ናቸው። የላይኞቹ ከሄዱ ቆይተዋል። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ እያሳቅኳት አይቼዋለሁ፤ ጥርስ በሌለበት ቦታ ሁሉ ሰማያዊው እንዳለ ነው፤ ሳይደበዝዝ።

"ያን ቀን ስይዝሽ እጄን ነክሰሽኝ ነበር" አለችኝ በመጨረሻ። "ጠባሳው አሁንም አለ። አንቺ አታስታውሺውም።"

አላስታውሰውም ነበር። የወይራውን እንጨት ነው የማስታውሰው።

"ይቅር ብትይኝ ጥሩ ነው" አለች። "ግን ሥራው ጥሩ ሥራ ነበር።"

ሁለቱንም አረፍተ ነገሮች ተከታትለው ከአንድ አፍ ሲወጡ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አስተማሪያችን የመጀመሪያውን ብቻ ቢናገር፣ ጎረቤታችን ባልቴት ደግሞ ሁለተኛውን ብቻ ቢናገሩ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ሁለቱንም ይዤ ነበር ክሊኒክ የተመለስኩት።

"ድዱን ተዪው፣ ጥርሱን ብቻ ሥሪልኝ" አልኳት ሐኪሟን።

ወንበሩን አስተኛችኝ። ከንፈሬ እንዳይከደን ፕላስቲክ ነገር አስገባችልኝ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የወይራ እንጨት ትዝ አለኝ። ጥርሴን ከመንካቷ በፊት በቀጭን ሲሪንጅ ወፈር ያለ ፈሳሽ በድዴ ጠርዝ ላይ፣ ጥርስ በጥርስ እየተከተለች፣ መቀባት ጀመረች። "ጄሉ ኃይለኛ ነው፤ ሥጋ ከነካ ያቃጥላል። ይሄ ድድሽን ይጠብቅልሻል" አለችኝ። ከዚያ በመብራት አደረቀችው። ቀና ብዬ መስታወቱን ሳይ ከተነቀሰው ድዴ በላይ ሌላ ድድ ተሠርቷል፤ ሰማያዊ።

ሳቄ መጣ። አፌ ተወጥሮ ስለተከፈተ መሳቅ አልቻልኩም፣ ሆዴ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ጓደኛዬን በምልክት ፎቶ አንሺኝ አልኳት።

ያን ዕለት ማታ ፎቶውን ለአጎቴ ልጅ ላክሁት፤ ስልኩን ይዞ እምዬ ጋ ሄደ። እንደነገረኝ፣ መነጽሯን ፈልጋ አጠለቀች፣ ስልኩን አንዴ አራቀችው፣ አንዴ አቀረበችው። ጥርሱን አላየችውም። ጣቷን ሰማያዊው ላይ አድርጋ "ቀለሙ ትንሽ ፈዘዝ አለ" አለች፤ "እጇ ግን ቀጥ ያለ ነው። ነቃሿ የማን ልጅ ናት?"